ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ከብቱ ለምን ይከሳል?

ገበያ ላይ ስንገናኝ የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ «ዝናቡስ?» የሚል ነው። ዱብሉቅ ያለው ለሞያሌው፣ ጅግጅጋ ያለው ለቶጎ ውጫሌው፣ መተማ ያለው ለገዳሪፉ ደውሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዘንቧል ከተባለ ሣር አለ፤ ሣር ካለ ከብት ይሰባል፤ ባለከብቱም አይቸኩልም፣ ዋጋው ይጠነክራል። አልዘነበም ከተባለ ደግሞ ሻጩ ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። እኔም ለብዙ ዓመት የሠራሁት በዚሁ ስሌት ነው።

አንድ ጊዜ ግን ስሌቱ አሳፈረኝ። ከቦረና ወይፈን የሚገዛ አንድ ወዳጄ «አሁን ገዝቼ እዚያው ላቆይ ወይስ በሦስተኛው ሳምንት ልምጣ?» ብሎ አማከረኝ። የሐጋያ ዝናብ በወጉ ጥሏል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። «ግዛና አቆያቸው፤ ሥጋ ይጨምራሉ» አልኩት። ከገዛ በኋላ ሰማዩ ጠራ፣ ሙቀቱ በረታ። ሣሩ ቀለሙን አልለቀቀም። ወይፈኖቹ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ሲወጡ ከተገዙበት ክብደት አንሰው ተገኙ። ወዳጄ አልተቆጣም። «የምሁር ምክር እንዲህ ነው» ብሎ ሳቀ እንጂ፤ ያ ሳቅ ከቁጣ ይከፋ ነበር። ዝናቡን ቆጥሬ ሙቀቱን አልቆጠርኩም።

ቅጠል ውሃ ስላገኘ ብቻ አይሠራም። የሚሠራው በተወሰነ የሙቀት ልክ ውስጥ ነው። ከዚያ ልክ በላይ ሲግል ወይም በታች ሲቀዘቅዝ፣ ሳይደርቅና መልኩን ሳይለውጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ጉዳቱ በከብቱ ላይ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ገዢና ሻጭ የሚደራደሩት ትናንት ስለነበረው ሣር ነው።

ቅጠሉ የሚነግደው

ቅጠል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ፣ ከሥሩ ውሃ፣ ከፀሐይ ብርሃን ይቀበልና ስኳር ይሠራል። ትምህርት ቤት ፎቶሲንተሲስ ብለን የተማርነው ይህን ነው። እኛ በኪሎ የምንሸጠው ሥጋ፣ ስቡም ወተቱም፣ መነሻው ይህ ስኳር ነው።

ጋዙ የሚገባው በቅጠሉ ቆዳ ላይ ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ነው። ችግሩ፣ ቀዳዳው ጋዝ ለማስገባት ሲከፈት ውሃ ይወጣበታል። ምንዛሬው ከባድ ነው፦ አንዲት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅንጣት ለማስገባት ቅጠሉ በመቶ የሚቆጠር የውሃ ቅንጣት ይከፍላል። አየሩ በጋለና በደረቀ ቁጥር ደግሞ ምንዛሬው እየከፋ ይሄዳል። ስለዚህ ተክሉ እንደማንኛውም ነጋዴ፣ ምንዛሬው ሲከፋበት በሩን ይዘጋል።

መዝጋቱ ውሃውን ያተርፍለታል። ግን ጋዝ ካልገባ ስኳር አይሠራም። በዚያ ላይ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ እንደ ላብ ሆኖ ያቀዘቅዘው ነበር፤ ላቡ ሲቆም ቅጠሉ ከአየሩ በላይ ይግላል። ስልካችሁ ላይ 36 ዲግሪ ብሎ የሚታየው በጥላ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተለካ የአየር ሙቀት ነው። በቀትር ፀሐይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በሩን የዘጋ ቅጠል ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የተራቆተ መሬት ፊቱ ከ50 ዲግሪ ስለሚያልፍ ደግሞ፣ ተግጦ ተግጦ ከአፈሩ ጋር የተለጠፈ ሣር ከላይም ከታችም ይጠበሳል። ሁለት አጎራባች ቀበሌዎች እኩል ዘንቦላቸው አንዱ ከብት የሚያወፍረው ሌላው የሚያከሳው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሣሩ ረዘም ብሎ መሬቱን የሸፈነበት ቦታ ራሱን ያቀዘቅዛል።

ደላላው ሲሳሳት

በሩ ክፍት ሆኖም ሙቀት ሌላ ጣጣ አለው። ቅጠሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ ወደ ስኳር መሥሪያው የሚያደርስ ሩቢስኮ የተባለ ኢንዛይም አለ። እንደ ደላላ አስቡት። ሥራው ትክክለኛውን ገዢ ማምጣት ነው፤ ዓይኑ ግን ደካማ ነውና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክስጅን ሁልጊዜ አይለይም። ኦክስጅን ይዞ በመጣ ቁጥር ስኳር አይሠራም፤ እንዲያውም ቅጠሉ ስህተቱን ለማረም ጉልበት ያወጣል፣ ቀድሞ የያዘውንም ካርቦን ከፊሉን መልሶ ይለቃል። በቀዝቃዛ ቀን ስህተቱ ትንሽ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር እየበዛ ይሄዳል። ከ35 ዲግሪ በላይ ደግሞ ሩቢስኮን ለሥራ የሚያነቃው ረዳት ኢንዛይም ራሱ መዛል ይጀምራል። የቅጠሉ ሙቀት 40ን አልፎ ሲገሰግስ በብዙ ተክሎች ላይ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ይጎዳል። ይህ እንደ ተዘጋ በር ምሽት ሲቀዘቅዝ የሚከፈት አይደለም። ጥገናው ቀናት ይወስዳል፤ አንዳንዱ ቅጠል ጭራሽ አይመለስም።

የቆላ ሣር ለዚህ መላ አበጅቷል። ጋዙን መጀመሪያ ዓይኑ በማይስት ሌላ ኢንዛይም ይይዘዋል፣ ከዚያ ወደ ውስጠኛ ክፍል አስገብቶ ያጭቀዋል። ሩቢስኮ የሚሠራው በዚያ ክፍል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከቦ ነው፤ ቢፈልግም ብዙ አይሳሳትም። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያሉትን ተክሎች ሲ-4፣ ያለዚህ መላ የሚኖሩትን ሲ-3 ይሏቸዋል። ሰርዶ፣ ሮደስ ሣር፣ ዝሆኔ ሣር፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍም ጭምር ሲ-4 ናቸው። ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃና አልፋልፋ ሲ-3 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይመቻቸዋል፤ የኋለኞቹ ከ20 እስከ 25 ላይ። የውሃውም ምንዛሬ ለሲ-4 ግማሽ ያህል ይቀላል።

በኬንያ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተደረገ ጥናት ይህን በከፍታ ለይቶ አሳይቷል፦ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ገላጣ ሜዳ ሣሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሲ-4 ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ሲ-3። የእኛም ንግድ በዚህ መስመር የተከፈለ ነው። ከብቱን የምንገዛው ከታችኛው ሣር ላይ ነው፤ ድርቆሽና ጭዱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው እናመጣለን።

ታዲያ የቆላው ሣር ሙቀት የሚችል ከሆነ የእኔ ወዳጅ ወይፈኖች ለምን ከሱ? መላው የሚሠራው ውሃ እስካለ ድረስ ስለሆነ ነው። ሙቀቱ ከአፈሩ እርጥበቱን ሲጨርሰው ሲ-4ም በሩን ይዘጋል። ከጥቅምት 2020 ጀምሮ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበትን ድርቅ አስታውሱ። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ በ2023 ባወጣው ትንተና፣ ያን ያህል ዝናብ ቢያንስም እንኳ ዓለም እንደ ቀድሞው ቀዝቃዛ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ድርቅ እስከመባል አይደርስም ነበር ብሏል። የዝናቡ ማነስ ላይ ሙቀቱ ከአፈርና ከቅጠል የመጠጠው ውሃ ሲጨመር ነው ከብቱ ያለቀው።

ሌሊቱም አለ። ቅጠል በቀን ያተርፋል፣ በሌሊት ያወጣል፤ ለመኖር የሚተነፍሰው ከራሱ ስኳር ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ወጪ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሌሊቱ አልቀዘቅዝ ሲል ሣሩ የቀን ትርፉን ሲበላ ያድራል። ስለዚህ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ብቻ የሚጠይቅ ነጋዴ ግማሹን ሒሳብ ነው የሚያየው።

ሙሉ ሆድ፣ ባዶ ኪስ

ሙቀት የሣሩን መጠን ብቻ አይደለም የሚቀንሰው። ያስረጀዋል። ቶሎ ያብባል፣ አገዳው ይበዛል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ግንዱ እንጨት እንጨት ይላል። ከሩቅ ሲያዩት ሜዳው ሙሉ ነው። የከብት ሆድ ውስጥ ግን ሣሩን የሚፈጩት በትልቁ ጨጓራ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ እነሱም ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የሣሩ ፕሮቲን ከደረቅ ክብደቱ 7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ እነዚህ ነፍሳት ይዳከማሉ፣ ምግቡ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ከብቱም መብላት ይቀንሳል። ረሃብ እያለ ሆዱ ሙሉ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። 250 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን ጥሩ ሣር ላይ ሲሆን በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 6 ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። ሣሩ 10 በመቶ ፕሮቲን ካለው 625 ግራም ፕሮቲን አገኘ። ያው ወይፈን ባረጀ ሣር ላይ የሚበላው 1.5 በመቶ ገደማ ቢሆን 3 ኪሎ ከሦስት ሩብ ነው፤ ፕሮቲኑም 5 በመቶ ቢሆን ያገኘው 190 ግራም እንኳ አይሞላም። ሜዳው ግን ያው ሜዳ ነው። በዚያ ላይ ራሱ ከብቱ በቀትር ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ የግጦሽ ሰዓቱ ያጥራል። የቦረና ከብት ሙቀት ይችላል እንላለን፤ እውነት ነው፤ የሚበላው ሣር መቻሉ ግን ሌላ ነገር ነው።

ግመልና ፍየል ለየት ይላሉ። የሚበሉት ግራርና ቁጥቋጦ ሲ-3 ቢሆንም ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሣሩ ውሃ ካጣ በኋላም ብዙ ሳምንት ይሠራል። በጂላል መጨረሻ የግመል ዋጋ ከከብት ዋጋ ጋር አብሮ የማይወድቀው በከፊል በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አረንጓዴ ካርታዎች አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ በሳተላይት የሚሠራውን የግጦሽ ካርታ በስልክ ትከታተላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማርሳቢት፣ በ2012 ቦረና ላይ የተጀመረው የእንስሳት መድንም የሚከፍለው በዚሁ ልኬት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ሳተላይቱ የሚያየው አረንጓዴነትን ነው። በሩን የዘጋ ቅጠል ለቀናት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። አፋር ውስጥ ደርጊ ሐራ፣ ኬንያ ውስጥ ማቴንጌ የሚሉት ፕሮሶፒስም ሥሩ ውሃ ስለሚደርስ በበጋ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉን ግን ከብት አይነካውም። ካርታው ላይ ለምለም የሚመስለው ወረዳ ስትደርሱበት የፕሮሶፒስ ጫካ ሊሆን ይችላል።

ደጋ ላይ ሲነጋ

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ቆላውን የሚነግድ ሰው ስለ ውርጭ ለምን ያስባል? አዳማ አካባቢ ያሉ ማድለቢያዎች ውስጥ የቦረናን ሰንጋ የሚያወፍረው ጭድና ድርቆሽ የሚመጣው ከደጋ ስለሆነ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሆነው ነገር ወራት ቆይቶ ሞጆና ጅቡቲ ይደርሳል።

ብርድ ቅጠሉን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሳይበርድም የሚመጣው ነው፦ ማለት ውሃ የሚያረጋ ብርድ ሳይሆን ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ቀዝቃዛ ሌሊት። ኢንዛይሞቹ ይዘገያሉ። ሲነጋ ግን የደጋ ፀሐይ እንደወትሮው በሙሉ ኃይሏ ትወጣለች። ቅጠሉ ብርሃኑን ይቀበላል፤ ብርሃኑን ወደ ስኳር የሚለውጠው ክፍል ግን ገና አልነቃም። ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ ቅጠሉን ራሱን ያቃጥለዋል። መጋዘኑ ተዘግቶ የጭነት መኪና በላይ በላይ ሲደርስ እንደሚሆነው ነው። ለሙቀት የተሠሩት ሲ-4 ሣሮች በዚህ ይባስ ይጎዳሉ። ዝሆኔ ሣርና ሮደስ ከታች ተወስደው ከፍተኛ ደጋ ላይ ሲተከሉ በጥቅምትና በኅዳር ቆመው የሚቀሩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ውርጩ ራሱ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬትና ሣር ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ስለሚለቁ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛሉ። ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ በረዶ ሊይዝ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ረባዳው ላይ ያለው ማሳ ሲጠቁር ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል። በቅጠሉ ውስጥ በረዶው የሚጀምረው በሕዋሳቱ መካከል ነው፤ ከየሕዋሱ ውሃውን ይስባል፣ ሽፋናቸውን ይቀዳል። ፀሐይ ስትወጣና በረዶው ሲሟሟ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። ያ ቅጠል አበቃለት።

በዚህ መሬት የሚኖር ተክል ግን አለ። የመንዝ ጓሳ ሣር ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ በሚፈራረቁበት ቦታ የሚኖር ሲ-3 ሣር ነው። ጠባብና ጥቅልል ያለ ቅጠሉን አሮጌው ደረቅ ቅጠል ከብቦ ይከላከልለታል። የመንዝ ሰው ጓሳውን ለዘመናት በቀሮ ሥርዓት እየዘጋ ጠብቆ፣ በድርቅ ዓመት ከብቱን ያተረፈበት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፦ ውርጭ ገብስና ስንዴን በአበባው ጊዜ ሲመታ ፍሬው ይቀራል፣ አገዳው ውስጥ ያለው ስኳር ግን መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይቆያል። ገበሬው ቶሎ አጭዶ ካደረቀው ከተራ ጭድ የተሻለ መኖ ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት በኅዳር ጥሩ ድርቆሽ በርካሽ ይወጣል፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን የአዝመራው ጭድ ስለሚጎድል ዋጋው ይሰቀላል። መጋዘን ያለው ሰው በኅዳር ቢገዛ አይጎዳም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል ለሰው ብቻ የተባለ አይመስለኝም።

ማሽላ ላይ ከብት ከማውረዳችሁ በፊት

ከሁሉም ይልቅ በአንድ ሌሊት ኪሳራ የሚያመጣው ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ማሽላ በሙቀት፣ በውሃ ጥማት ወይም በውርጭ ሲጎዳ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር በቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል። ቅጠሉ ሲታኘክ መርዙ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ለጋው ነው፦ ከታጨደ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው፣ ከድርቅ በኋላ በመጀመሪያው ዝናብ ብቅ የሚለው። በሐረርጌ፣ በፋፈን፣ በመተማና በገዳሪፍ መንገድ ዳር የምናየው ለምለም ማሽላ ማለት ነው።

አደጋው የሚበረታው ደግሞ በእኛው ከብት ላይ ነው። ከመኪና የወረደ፣ ቀኑን ሙሉ ያልበላ ሰንጋ በጥድፊያ ይበላል። መርዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ከብቱ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፤ ደሙና የድዱ ሥጋ ደማቅ ቀይ ይሆናል። መድኃኒት አለው፤ የእንስሳት ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ነው፤ ግን መንገድ ላይ ሐኪም እስኪደርስ የሚቆይ ከብት ጥቂት ነው። ቁመቱ ከጉልበት ያልበለጠ ማሽላ ላይ አታሰማሩ። ውርጭ የመታውን ወይም የጠወለገውን ቢያንስ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተዉት። በደንብ ደርቆ ድርቆሽ የሆነ ማሽላ አብዛኛውን መርዙን ያጣል። የማታውቁት ማሳ አጠገብ ማደር ግድ ከሆነ መጀመሪያ ጭድ አጉርሷቸው፤ የጠገበ ከብት አይጣደፍም።

የአረፋ ወቅት ወዴት እየሄደ ነው?

ሣሩ የሚከተለው ፀሐይን ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ገበያ ግን ጨረቃን። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የዋለው ጁን 6 ነበር። ግዢው ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ስለሚጀምር በጎቹና ፍየሎቹ የተሰበሰቡት በጉ ዝናብ፣ በለጋ ሣር ላይ ነው። በ2030 ግን አረፋ ኤፕሪል አጋማሽ አካባቢ ይውላል። ያን ጊዜ ግዢው የሚጧጧፈው በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች ይሆናል፤ ጂላል መካከል፣ ቀትሩ በሚጠብስበትና ቅጠሉ በሩን በዘጋበት ወቅት። በርበራና ጅቡቲ የኳራንቲን ጣቢያ ደርሶ ክብደት የሚቀበል እንስሳ በእነዚያ ወራት ከግጦሽ አይገኝም፤ በድርቆሽ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ የተያዘ መሆን አለበት። እኔ ብሆን ከአሁኑ ከድርቆሽ አምራቾች ጋር በውል እነጋገር ነበር፤ መኖው ሲወደድ የሚወደደው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው።

እስከዚያው ለደላላችሁ ስትደውሉ «ዝናቡስ?» ካላችሁት በኋላ ሦስት ነገር ጨምሩ። ከዘነበ ስንት ቀን ሆነው? ሌሊቱ ይቀዘቅዛል? ሣሩ አብቧል ወይስ ገና ቅጠል ነው? የመጨረሻውን ቆሞ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ጭብጥ ነቅሎ አይቶ እንዲመልስላችሁ ጠይቁት። ፎቶ ከላከላችሁ ደግሞ ሜዳውን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ያንሳ።